የንስሐ አባቴን ስም ስጠየቅ

አጎቴ ባረፉ ዕለት ስለ ቀብሩ ሥርዓት ለመነጋገር ወደ አጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት የሄድሁት እኔ ነበርሁ። እዚያ ያገኘኋቸው ካህን የሟቹን የክርስትና ስምና የንስሐ አባታቸውን ስም ከመዘገቡ በኋላ ቀና ብለው «ያንተስ የንስሐ አባት ማን ናቸው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ሳላመነታ ስማቸውን ተናገርሁ። ካህኑ ብዕራቸውን ከወረቀቱ ላይ አነሡና «ልጄ፣ እርሳቸው እኮ ካረፉ ሦስት ዓመት አለፋቸው» አሉኝ። ማረፋቸውንስ አውቅ ነበር፤ በቀብራቸው ላይ ቆሜ ዘምሬአለሁ። ያላስተዋልሁት ነገር ቢኖር እነዚያን ሦስት ዓመታት ያለ ንስሐና ያለ ሥጋ ወደሙ መኖሬን ነው።

በዚያ ዘመን ከቤተ ክርስቲያን አልራቅሁም። በሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር አስጠና ነበር፤ ረቡዕና ዓርብን አልሻርሁም፤ በየዓመቱም ታኅሣሥ 19 ቀን ለቅዱስ ገብርኤል በዓል የደንገጎን ዳገት በእግሬ ወጥቼ ቁልቢ እደርስ ነበር። ዛሬ ሳስበው ያዘናጋኝ ይኸው ነው። ሰው እንደ አገልጋይ ያየኛል፤ እኔም ራሴን በሰው ዓይን እያየሁ ኖርሁ። ከቁልቢ ስመለስ የሚሰማኝ ደስታ እውነተኛ ነበር፣ በዚህ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ያንን ደስታ ለዓመቱ ሁሉ እንደሚበቃ ስንቅ ቆጠርሁት።

ድሬዳዋ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከተማውን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ጎርፉ የሚመጣው ከላይ ከሐረርጌ ደጋ በመሆኑ ከተማው ውስጥ ያን ያህል ሳይዘንብም ሊደርስ ይችላል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ውኃው ሰው በተኛበት መጣና ከ200 በላይ ሰዎችን ወሰደ። ጠዋት ወርደን ስናይ አሸዋው ውስጥ ግማሹ የተቀበረ የእንጨት በር ነበር፤ ቤቱ የለም፣ በሩ ላይ ያለው ጓጉንቸር ግን እንደተቆለፈ ነው። ያን መከራ በሟቾቹ ኃጢአት የሚያሳብብ ሰው ስሰማ ያመኛል፤ ጌታም የሰሊሆም ግንብ ወድቆ ስለገደላቸው ሰዎች ሲናገር እንዲህ ያለውን ፍርድ ከልክሏል። እኔ ከዚያ ቀን የያዝሁት ስለ አሸዋው ነው። ደረቅ ሆኖ ለምደነው ነበር፤ እኔም ነፍሴን እንዲሁ ለምጃት ኖሬአለሁ።

ከአጎቴ ተዝካር በኋላ አንድ አረጋዊ ካህን የንስሐ አባት እንዲሆኑኝ ለመንሁ። በመጀመሪያው ቀን ትልቅ ዕቅድ ይዤ ቀረብሁ፤ ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት ልጠብቅ፣ ዳዊት በየቀኑ ልደግም፣ ስግደትም ልጨምር አልሁ። ዝም ብለው ካዳመጡኝ በኋላ «ጠዋትና ማታን ብቻ ያዝ፤ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አድርስ። ጾም ሊገባ ሲል ደግሞ ና» አሉኝ። ከዚያም ያልጠበቅሁትን አዘዙኝ፦ ለአንድ ዐቢይ ጾም መዝሙር ከማስጠናት ታቅቤ፣ የመዘምራን ልብስ ሳልለብስ፣ ከምእመናን ኋላ ቆሜ እንዳስቀድስ።

ይህ ትእዛዝ ከጾሙ ይልቅ ከበደኝ። በሁዳዴ የአዘቦት ቀናት ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ በድሬዳዋ ሙቀት ላቡ ከአንገት እስከ ወገብ ይወርዳል፤ ነጠላዬን አጣፍቼ ቆሜ የማስበው ግን መዝሙሩን ማን እንደሚመራ ነበር። በጾሙ እኩሌታ፣ ደብረ ዘይት በዋለበት ሳምንት፣ ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ሲል ሰማሁ። የተቀመጣችሁ ተነሡ ማለት እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ለልጆችም ተርጉሜ አስተምሬአለሁ። ያን ቀን ግን ቆሜ ሳለሁ ለእኔ የተነገረ ሆኖ ተሰማኝ። ቀጥሎ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» ሲል ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዞርሁ፤ እንባዬንም መቆጣጠር አልቻልሁም።

የዐሥሩን ደናግል ምሳሌም በዚያ ሰሞን እንደገና አነበብሁት። ለዓመታት ሳስተምር ልባሞቹ የነቁ፣ ሰነፎቹ የተኙ ናቸው እል ነበር። ወንጌሉ የሚለው እንዲህ አይደለም፤ ሙሽራው ሲዘገይ ዐሥሩም ተኝተዋል። ልዩነታቸው አስቀድሞ በማሰሮ የተያዘው ዘይት ነው፤ እርሱንም በእኩለ ሌሊት ከጎረቤት መበደር አልተቻለም። ሰው ይደክማልና መተኛታችን አይቀርም ብዬ ይህ አጽናናኝ፤ ያለ ዘይት ግን ስንት ሌሊት እንደተኛሁ ሳስብ ደነገጥሁ።

ጠዋትና ማታን መጠበቅ ቀላል ይመስላል። በመጀመሪያው ወር ማታ ማታ ስልኬን ይዤ ስለምቀመጥ ጸሎቱን በእንቅልፍ ዓይን እጨርሰው ነበር፤ ኋላ ስልኩን ሱቄ መሳቢያ ውስጥ አሳድሬ መሄድ ጀመርሁ። ቀን በሙቀቱ ምክንያት ሱቅ በምንዘጋበት በስድስት ሰዓት፣ ጌታ በተሰቀለበት ሰዓት፣ በሩን መለስ አድርጌ አንድ መዝሙር ከዳዊት አነባለሁ። ይህን ያዘዘኝ የለም፤ የቀድሞው ልማዴ በዚያ ሰዓት ከጓደኞች ጋር መቀመጥ ስለነበር ክፍተቱን የምሞላበት አጥቼ ነው የጀመርሁት። የተሳሳትሁበትም አለ፤ ሥርዓቱ ሲይዝልኝ የማይጾመውን ወንድሜን መገሠጽ አበዛሁና ቤቴ መምጣት አቆመ። ይቅርታ ለመጠየቅ አራት ወር ፈጀብኝ።

ዘንድሮም የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 1 ቀን ከመግባቱ በፊት፣ በሐምሌ መጨረሻ፣ ወደ ንስሐ አባቴ የሄድሁት የደቻቱን ድልድይ ተሻግሬ ነው። ደጋው በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፤ ከታች ልጆች አሸዋው ላይ ይሯሯጡ ነበር፤ ውጡ ብዬ ጮኬ አስወጣኋቸው። ኪሴ ውስጥ በያዝሁት ወረቀት ላይ አራት ነገሮች ጽፌ ነበር፤ አንዱ ካለፈው ዓመት የተላለፈ ነው።