ሂች ፍለጋ፦ ከተሰረጎደ ስፖንዳ እስከ ሞአብ

ፒካፔ የግራ ስፖንዳው ላይ አንድ ስርጉድ አለው። መዳፍ ያህላል። ባለቤቴ ባየችው ቁጥር «አስጠግነው እንጂ» ትላለች። እኔም «እሺ፣ ትንሽ ይቆይ» እላለሁ። ሁለት ዓመት ሞላው።

ስርጉዱ የመጀመሪያው ጉዟችን ትዝታ ነው። ያገለገለች ትንሽ ካምፐር፣ ማለትም በመኪና የምትጎተት ማደሪያ ቤት፣ ገዛን፤ ፊፍዝ ዊል የሚሉት ዓይነት። ይሄ እንደ ሌላው ተጎታች ከመኪናው ጭራ አይታሰርም። አፍንጫው ከፍ ብሎ ካሶኒው ላይ ይወጣል፤ የትልልቆቹን የጭነት መኪኖች ተሳቢ አስቡት። ስሙ «አምስተኛ ጎማ» ማለት ነው፣ ከድሮ የፈረስ ሠረገላ የመጣ። የሠረገላው የፊት አክሰል እንዲዞር ከላዩ በጠፍጣፋው የሚተኛ የብረት ክብ ነበረው። አራት ጎማ ላይ አምስተኛ ሆነ፣ ስሙም በዚያው ቀረ።

ከካምፐሩ አፍንጫ ሥር 2 ኢንች ውፍረት ያላት ድቡልቡል ብረት ወደታች ትወጣለች። ኪንግፒን ይሏታል። ሂቹ ደግሞ ካሶኒው ወለል ላይ ታስሮ ይችን ፒን በመንጋጋው ነክሶ የሚይዝ ነው። የኛ ካምፐር ከነሂቿ ነው የተሸጠችልን፣ ሂቹ የሚቀመጥባቸው የብረት ሐዲዶችም በሻጩ እጅ ፒካፔ ላይ ታሰሩ። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ለሁለት ሰው የሚከብድ ብረት። ላዩ ላይ የሚጎትተው ክብደት ተጽፏል፤ ከኛ ካምፐር ሦስት እጥፍ ይበልጣል። «ምን እንፈልጋለን ሌላ!» አልኩ። ሰው ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል አሁን ነው የገባኝ።

የመጀመሪያው ምሽት ጫካ ውስጥ ነበርን። የካምፑ ቦታ ጠባብ ነው፣ በኋላ ማርሽ እየገባሁ ነው። መሪውን እስከ መጨረሻ ጠመዘዝኩ። ባለቤቴ ከውጭ «ቁም! ቁም!» ብላ ጮኸች። ወርጄ አየሁ። የካምፐሩ የፊት ማዕዘን ከጋቢናው የኋላ መስታወት ጋር ሊሳሳም ምንም አልቀረውም። አራት ጣት አስገባሁ። አምስተኛዋ አልገባችም።

ጠዋት ደግሞ የባሰው መጣ። ካምፐሯን ለማያያዝ ፒካፑን ወደ ኋላ ገፋሁ። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሰማሁ ብዬ ነበር። ወርጄ በባትሪ መንጋጋው ውስጥ ሳላይ የማቆሚያ እግሮቿን ሙሉ በሙሉ ሰበሰብኩና ነዳሁ። ለካ ካምፐሯ ትንሽ ከፍ ብላ ነበር፤ ፒኗ መንጋጋው ውስጥ ሳትገባ ላዩ ላይ ተንሳፍፋለች። ሁለት ሜትር ያህል ሄድኩ፣ ከዚያ አፍንጫዋ ተንሸራቶ ሁለቱ ስፖንዳዎች ላይ ዱብ አለ። ያን ድምፅ ለማንም አልመኝም።

በክሪክና በእንጨት አንስተን እስክንላቀቅ ፀሐይ አናታችን ላይ ደረሰች።

ረጅም ዓመት ከባድ መኪና የነዳ ጓደኛ አለኝ። ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተቆጣ። «ስማ፣ መንጋጋው ከተቆለፈ በኋላ እግሩን መሬት ልታስለቅቀው ትንሽ ሲቀርህ ትተወዋለህ። የተሳቢውን ፍሬን ትይዝና በቀስታ ወደፊት ሳብ ታደርገዋለህ። ካልተቆለፈ ተሳቢው በእግሩ ቆሞ ይቀራል፣ አንተ ላይ አይወድቅም። ይሄን ሳታደርግ ደግሞ ንቅንቅ እንዳትል!»

ከዚያ ስለ ሂቹ ስጠይቀው «ያንተ ችግር መጎተት አይደለም» አለኝ። «መጎተትማ ይጎትታል። መሸከሙን ንገረኝ።»

አልገባኝም ነበር። ይዞኝ ወደ ሚዛን ሄደ። አሜሪካ ውስጥ ትልልቅ መኪኖች የሚያርፉባቸው ነዳጅ ማደያዎች ላይ ካት ስኬል የሚባል ሚዛን አለ። የፊት አክሰሉን፣ የኋላ አክሰሉንና ተሳቢውን ለየብቻ ይመዝናል። አንዴ ፒካፑን ብቻ፣ አንዴ ከነካምፐሩ መዘንን። የፒካፑ ሁለት አክሰሎች ላይ የተጨመረው ልዩነት ካምፐሯ ካሶኒው ላይ የምትጭነው ክብደት ነው። እዚያ ሁሉ ነገር በፓውንድ ነው፤ ለኔም ለእናንተም እንዲቀል በኪሎ ልናገር።

ዕቃ የሞላች ካምፐሬ 2,800 ኪሎ ሆነች። ከዚያ ውስጥ 535 ኪሎው ፒካፑ ላይ ተጭኗል፣ ወደ 19 በመቶ ማለት ነው። ፊፍዝ ዊል ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 በመቶ የሚሆነውን ክብደቱን ካሶኒው ላይ ይጥላል። መመሪያዋ ላይ የተጻፈው ግን 430 ነበር። እሱ የባዶዋ ነው፤ ውኃ፣ ድስትና ብርድ ልብስ ሳይገባባት።

የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሶሶው ላይ አንድ ተለጣፊ ወረቀት አለ። ፒካፑ ሰውና ዕቃ ተደምሮ ስንት እንደሚሸከም ይናገራል። የኔ 750 ኪሎ ይላል። 535ቱን ቀነስኩ። እኔና ባለቤቴ 140። የቀረው 75 ኪሎ ነው። አሮጌው ሂች ከነሐዲዶቹ ስንት ነው? 95። የተባለው ጉልበተኛ ሂች ራሱ ትርፍ ጭነት ነበር!

እንግዲህ ፍለጋው ተጀመረ። ሁለት ነገር ነው የምፈልገው፤ ቀላል እንዲሆንና ጋቢናዬን እንዳይመታ።

ጋቢናው የሚመታው የኔ ካሶኒ አጭር ስለሆነ ነው። 1.7 ሜትር አካባቢ ነው። ሂች ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው ከኋላ አክሰሉ በላይ ወይም ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። እዚያ ሲቀመጥ ከፒኗ እስከ ጋቢናው ጀርባ አንድ ሜትር አይሞላም። የካምፐሯ ስፋት ደግሞ 2.1 ሜትር ነው፣ ግማሹ 1.05። መሪ አጥፎ ሲዞር ማዕዘኑ የት እንደሚደርስ ራሳችሁ አስሉት። 2.4 ሜትር ካሶኒ ያለው ሰው ይሄን ራስ ምታት አያውቀውም።

መፍትሔው አንደኛ ተንሸራታች ሂች ነው። በእጅ የሚሠራው ለጠባብ ዙር ወርደህ ዘንጉን ስበህ ሂቹን ወደ ኋላ ታንሸራትታለህ፣ ስትጨርስ ወደ ቦታው ትመልሳለህ። ጥሩ ነገር ነው፣ ለሚያስታውስ ሰው። እኔ የምድጃ ቁልፍ ዘግቼ መውጣቴን ሦስቴ ተመልሼ የማይ ነኝ፤ አልተማመንኩም። ራሱ የሚንሸራተተው አለ፣ መኪናው ሲታጠፍ አብሮ ወደ ኋላ ይሄዳል። እሱ ግሩም ነው፣ ግን ብረት በብረት ላይ ነው። ክብደቱን ሳየው ወረቀቱን ዘጋሁት። ሦስተኛው ከካምፐሩ አፍንጫ ሥር ፒኗ የምትታሰርበትን ሳጥን ቀይሮ መዞሪያውን ወደ ኋላ የሚወስድ ነው። እሱም ይከብዳል።

አራተኛው ቀልቤን ሳበው። መንጋጋ የለውም፤ በአሉሚኒየም እግሮች ላይ የቆመ የብረት ኳስ ነው። ካምፐሯ ፒን ላይ ደግሞ ኳሱን የሚነክስ መያዣ ይታሰራል። 20 ኪሎ አካባቢ ነው። በአንድ እጄ ባላነሳውም በሁለት እጄ ብቻዬን አነሳዋለሁ። ኳሱ ከመሐል ወደ ኋላ ወጣ ብሎ እንዲቀመጥ ይደረጋል፣ በዚህም 13 ሴንቲ ሜትር አተረፍኩ። ከዚህ በላይ ወደ ኋላ መግፋት ግን የፊት ጎማውን ያቀለዋል፣ መሪውም በደንብ አይታዘዝም። አላደረግኩትም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለው። ይህ ዓይነቱ መያዣ ካምፐሩ አፍንጫ ላይ ጉልበቱን በሌላ መንገድ ያሳርፋል። ሁሉም ካምፐር ሠሪ አይፈቅድም፤ ዋስትናቸውን የሚሰርዙ አሉ። የኔን መመሪያ ገጽ በገጽ ካየሁ በኋላ ነው የገዛሁት።

ሁለተኛው ጉዞ አይ 70 በሚባለው አውራ ጎዳና ከኮሎራዶ ግዛት ተራሮች ወደ ጎረቤቷ ዩታ ነበር። ከመነሳታችን በፊት የሳብ ሙከራውን አደረግኩ። ካምፐሯ ከተላቀቀች ፍሬኗን የሚያስይዘውን ቀጭን ሽቦ የሂቹ ብረት ላይ ሳይሆን የፒካፑ ሻንሲ ላይ አሰርኩ። ሂቹ ራሱ ተነቅሎ ከካምፐሯ ጋር ቢሄድ ሽቦው ምን ይጠቅማል?

ወደ አይዘንሃወር ዋሻ ስንወጣ ፒካፑ አቃሰተ። ዋሻው 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ወደ ምዕራብ የሚያስኬደው ቱቦ የተከፈተው በ1973 ነው። ሞተሩ እንደኛው አየር አጥሮታል። ከዋሻው እንደወጣን ቁልቁለቱ ጀመረ፤ 7 በመቶ ነው፣ ፍሬን ያለቀባቸው መኪኖች የሚገቡበት የጠጠር መውጫ ሁሉ ተሠርቶለታል። ማርሹን ቀነስኩና በሞተሩ ያዝኩት። አሮጌው ሂች ላይ እያለን እንዲህ ባለ መንገድ ካምፐሯ ገፋ፣ ሳብ፣ ገፋ፣ ሳብ እያደረገች ወገቤን ትቆርጠው ነበር። አሁን ጸጥ አለች። ባለቤቴ «ትከተለናለች?» ብላ መስታወቱን አየች።

ታች ደርሰን ዲለን የምትባል ከተማ ላይ ቆምኩ። አዲስ የታሰረ ነገር ከትንሽ ኪሎ ሜትር በኋላ ዳዶው ሊላላ ይችላል። በቁልፍ አንድ በአንድ ሞከርኩ። ሦስቱ ንቅንቅ አላሉም። አራተኛው ሩብ ዙር ሄደልኝ።

ቬይል የሚባለውን የተራራ ማለፊያ ከተሻገርን በኋላ ግሌንውድ ካንየን የሚሉት የወንዝ ገደል ውስጥ ገባን። መንገዱ በወንዙ ዳር በድልድይና በዋሻ ይተላለፋል፤ የተጠናቀቀው በ1992 ነው። ስለ ሂች መጻፌን ረስቼ ስለ ገደሉ ልጀምር ነበር፤ ለሌላ ቀን ይሁን። ዩታ ገብተን በ128 ቁጥር መንገድ ሞአብ ወደምትባለው ከተማ ወረድን። ጠባብ ነው፣ በአንድ በኩል ቀይ ገደል፣ በሌላ በኩል የኮሎራዶ ወንዝ። ከፊት የሚመጣው መኪና ሁሉ የኛን ካምፐር የሚያህል ይመስላል።

የካምፑ ቦታ ወንዙ ዳር ነበር። እንደ መጀመሪያው ጊዜ ጠባብ፣ ወደ ኋላ የሚገባ፣ በቀኝ ትልቅ ድንጋይ ያለበት። ባለቤቴ ወርዳ ከጋቢናው ጀርባ ቆመች። መሪውን ጠመዘዝኩ። እስከ መጨረሻ አይደለም፤ አሁንም እስከ መጨረሻ አላጥፍም። እጇን ስታነሳ ቆምኩ። ወርጄ ሳይ ክንዷን እስከ ክርኗ በማዕዘኑና በመስታወቱ መሐል አስገብታ ትስቃለች።

«ና ቀጥል» አለች።