ሞገድ ሳይነሣ ማወቅ

ጣና ጠዋት ላይ የተኛ ውኃ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ግን ልምድ ያለው ጀልባ ነጂ እንኳ ሰማዩንና ጭነቱን ደጋግሞ ሳያይ ከዳር አይለቅም። የአክስቴ ልጅ ከሦስት ዓመት በፊት በደቅ ደሴት የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች ደም የፈሰሳት እንዲህ ባለ ሰዓት ነበር። ምጥም ሕመምም አልነበራትም፤ ደሙ ድንገት መጣ። ያየቻት ነርስ ወዲያው ወደ ባሕር ዳር መሄድ እንዳለባት ብትናገርም፣ ሞገዱ አላስወጣ ስላለ ሌሊቱን እዚያው አድረው ጎሕ ሲቀድ ተነሡ። ሆስፒታል ስትደርስ እንግዴ ልጁ የማኅፀኗን አፍ መሸፈኑ ታወቀና በቀዶ ሕክምና ተገላገለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናትም ልጅም ተርፈዋል። ከዚያ ወዲህ ስለ ጤና ቴክኖሎጂ የሚጻፈውን ሁሉ የማነበው አንድ ጥያቄ ይዤ ነው፤ ያንን እንግዴ ልጅ አስቀድሞ ማን ሊያየው ይችል ነበር?

የዓለም ጤና ድርጅት እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንድትታይ የመከረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ምክሩ በደሴትና በገጠር እንዳይፈጸም ሁለት ነገሮች ከልክለውት ቆይተዋል፤ አንደኛው የመሣሪያው ግዝፈትና ዋጋ፣ ሁለተኛው ምስሉን አይቶ የሚፈርድ ባለሙያ አለመኖር ነው። የመጀመሪያው እየቀለለ መጥቷል፤ ከስልክ ጋር ተያይዞ የሚሠራና በአንድ እጅ የሚያዝ፣ ምስሉን የሚሠራበትን ድምፅ በሲሊኮን ቺፕ የሚያመነጭ አልትራሳውንድ እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ፈቃድ ካገኘ ወዲህ መሣሪያው በቦርሳ የሚዞር ዕቃ ሆኗል። ሁለተኛውም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመ፣ በዛምቢያና በሰሜን ካሮላይና በተደረገ ጥናት፣ የአልትራሳውንድ ሙያ የሌላቸው ሰዎች መሣሪያውን በእናትየዋ ሆድ ላይ በተወሰነ መንገድ ብቻ እያንሸራተቱ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የፅንሱን ዕድሜ ከሠለጠነ ባለሙያ ልኬት ጋር በሚስተካከል መጠን ሊገምት ችሏል። በደቅ የምትሠራ አንዲት ሚድዋይፍ ይህን መሣሪያ በቦርሳዋ ይዛ ቤት ለቤት ስትዞር ለማሰብ ብዙ ዓመት መጠበቅ ያለብን አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ እንግዴ ልጅን በሚመለከት አንድ ጊዜ ማየት በቂ አይደለም። በ20ኛው ሳምንት ዝቅ ብሎ የሚታይ እንግዴ ልጅ ማኅፀን እያደገ ሲሄድ አብዛኛውን ጊዜ ከአፉ ይርቃል፤ ስለዚህ ሐኪሞች በ32ኛው ሳምንት አካባቢ እንደገና ያያሉ። መሣሪያው በዘመቻ መጥቶ ፎቶ ተነሥቶበት የሚመለስ ከሆነ፣ ብዙ እናቶችን በከንቱ አስደንግጦ በእውነት አደጋ ያለባትን ግን ሳይለይ ይሄዳል ማለት ነው። እዚያው መክረም አለበት፤ ቻርጅ የሚደረግበት መብራት፣ የሚቀባው ጄልና ሲበላሽ የሚጠግነው ሰውም አብረውት።

ሳምንት መቁጠሩ ራሱ ከሚታሰበው በላይ ከባድ ነው። ኮምፒውተር የማስተምር ሰው በመሆኔ ይሆናል፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። እናቶቻችን የመጨረሻው የወር አበባቸው የጀመረበትን ጊዜ የሚነግሩን በበዓልና በጾም ነው፤ «ፍልሰታ ሲገባ ነው የመጨረሻው» ይላሉ። ይህ የዋዛ መረጃ አይደለም፤ ነሐሴ 1 ማለት ነውና ከብዙ የተጻፈ ቀን ይልቅ የታመነ ነው። በእኛ አቆጣጠር ወሩ ሁሉ ሠላሳ ስለሆነ ስሌቱም ያማረ ነው፤ ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን ይደመራል፣ በመካከል ባለ አምስት ቀን ጳጉሜን ካለፈች አምስቱ ይቀነሳል። ነሐሴ 1 ያለችው እናት ግንቦት 6 ትወልዳለች ተብሎ ይጠበቃል። አሁን ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ የሚቀበል ፕሮግራም እናስብ። የደከማት ሠራተኛ 1/12 ብላ ብትሞላና ዓመቱን ብቻ ብታስተካክል፣ መሣሪያው ዲሴምበር 1 ብሎ ያነበዋል፤ ትክክለኛው ቀን ኦገስት 7 ነበር። ልዩነቱ 116 ቀን ነው፤ የስምንት ወሯ ነፍሰ ጡር በማያ ገጹ ላይ የአራት ወር ትሆናለች። ስሕተቱን ለማስቀረት የሚያስፈልገው አሥራ ሦስት ወር የሚያውቅ የቀን መሙያ ብቻ ነው፤ እርሱንም እዚሁ ባሕር ዳር ያሉ ተማሪዎች በአንድ ሳምንት ሊሠሩት ይችላሉ።

መሣሪያ በአንድ ጊዜ ተፈትኖ ለዘለዓለም የሚታመን አለመሆኑን ወባ አስተምራናለች። ጤና ኬላ ውስጥ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም የሚደረገው ፈጣን ምርመራ ፋልሲፓረም የተባለውን የወባ ተሐዋሲ ሲለይ የቆየው በአብዛኛው ከአንድ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑን የሚሠራውን ዘረ መል ያጡ ተሐዋስያን ግን ከምርመራው ያመልጣሉ፤ የአማራ ክልልን ጨምሮ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ጥናትም እንዲህ ያሉ ተሐዋስያን በሀገራችን ተገኝተዋል። አልትራሳውንድ የሚያነበው ፕሮግራምም በእኛ እናቶች፣ በእኛ ባለሙያዎች እጅ ዓመት በዓመት መፈተሽ ይኖርበታል።

ድሮን የሚለው ቃል በዚህ አካባቢ ባለፉት ዓመታት ከፍርሃት ጋር ተያይዞ የሚሰማ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሰው ሰማዩን ቀና ብሎ ሲያይ የሚያስበው መድኃኒት አይደለም። ሩዋንዳ ግን እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ደም በድሮን ለሆስፒታሎች ታደርሳለች፤ በዚህም ጊዜው አልፎበት የሚጣለው ደም በ67 በመቶ መቀነሱ ተመዝግቧል። ለጣና ዳርቻ ሆስፒታሎች ይህ ሊጠቅም ይችላል፤ ቀዶ ሕክምና በሌለበት ደሴት ላይ ግን የደረሰ ደም ብቻውን የእናትን ደም አያቆምም። ኔትወርክንም በተመለከተ፣ ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ስለነበር፣ ያለ ኢንተርኔት በራሱ ስልክ ላይ የማይሠራ ነገር ለእኛ አልተሠራም ብዬ ነው የማስበው።

እንግዲህ ምርመራው ወደ ደሴቱ እየቀረበ ነው፤ ሕክምናው ግን ገና ውኃ ማዶ ነው። ማሽኑ የሚሰጠን ጥቂት ሳምንታት ነው። እነዚያ ሳምንታት የሚጠቅሙት ደግሞ እናትየዋ ቀኗ ሲቃረብ መጥታ የምታርፍበት የእናቶች ማቆያ አልጋ፣ እህልና ወጥ ሲኖረው፣ ጀልባው የሚከፈልበት ገንዘብም ሲገኝ ነው። ለመሣሪያ ግዥ በጀት ሲያዝ ለማቆያው ምጣድም አብሮ ቢያዝ ደስ ይለኛል።

የአክስቴ ልጅ ዘንድሮ እንደገና ነፍሰ ጡር ናት፤ የመጨረሻውም ፍልሰታ ሲገባ ነበር። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ችግሩ የሚደገምባት ዕድል ከሌላው ስለሚበልጥ በታኅሣሥ አምጥተን አሳየናት፤ እንግዴ ልጁ አሁንም ዝቅ ብሏል። 32ኛው ሳምንት መጋቢት 10 ይሞላል። ከሁለት ቀን በፊት መጥታ እኔ ዘንድ ታርፋለች፤ አክስቴም ጎሕ ሲቀድ ከሚነሣ ጀልባ ጋር ከወዲሁ ተነጋግራለች።