የሌለኝ በረንዳ

ሆቴል ውስጥ የሠራ ሰው ሰኔንና ሐምሌን አያምታታም። ሰኔ የበጀት መዝጊያ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ የተረፈውን የሥልጠና ገንዘብ ሰኔ 30 ሳይደርስበት ለመጨረስ ይራወጣል፤ አዳራሽ የለም፣ አልጋ የለም፣ ለሻይ እረፍት የሚቀርብ ቆሎ እንኳ ይጠፋል። ሐምሌ 1 ጠዋት ሪሰፕሽን ላይ ስትቆሙ ሎቢው ውስጥ የምትሰሙት የፍሪጁን ድምፅ ብቻ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ላለነው ደግሞ ዝናቡ ይጨመርበታል፤ ለቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ ብቅ ይል የነበረው ቤተሰብም ይቀራል።

በ2016 ክረምት ይህ ጭርታ ያስጨነቀው የማርኬቲንግ ኃላፊያችን አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ። (በፊቱ አንቱ ነው የምለው፤ እዚህ የለም ብዬ ነው።) ባለ አራት ገጽ ብሮሸር፣ «ሠራተኞቻችን ክረምትን እንዲህ ያሳልፋሉ» የሚል፣ በየክፍሉ ራስጌ የሚቀመጥ። እያንዳንዳችን በክረምት የምንወደውን ጨዋታ፣ የምናየውን፣ የምንሰማውን፣ የምንበላውን በግማሽ ገጽ ጽፈን እንድናስገባ ታዘዝን። «ከልባችሁ ጻፉ፤ እንግዳ እውነተኛ ነገር ይወዳል» አለን። እኔ ትእዛዝ እንደወረደ ነው የምቀበለው።

የጻፍኩት ሐምሌ 8 ነው። ቀኑ ያልጠፋኝ ስፔን እንግሊዝን 2 ለ 1 አሸንፋ የአውሮፓ ዋንጫን የወሰደችው በዋዜማው ማታ ስለነበር ነው። ናይት ሺፍት ነበርኩ። ጨዋታው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲጀምር ሎቢ ውስጥ ከእንግዳው ሠራተኛው ይበዛ ነበር። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ኦያርዛባል ሁለተኛዋን ሲያገባ ሼፋችን በያዘው ጭልፋ ጠረጴዛውን ደበደበው። ወዲያው ከላይ ፎቅ ስልክ ተደወለ። በቃ፣ ቅሬታ መጣ ብዬ ይቅርታዬን አዘጋጅቼ አነሳሁት። «ማን አገባ?» አለኝ እንግዳው።

ይህንኑ ጻፍኩ። ቀጥዬ ላውንደሪ ክፍሉን ጻፍኩ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በአማርኛ የሚናገሩ የቱርክ ባልና ሚስቶች የእኛ ሃውስኪፒንግ ቤተሰቦች ናቸው። ከሰዓት በኋላ ካውያው እየተንፈቀፈቀ፣ አንዷ አንሶላ በአንድ ጫፍ ሌላዋ በሌላው ጫፍ ይዛ፣ ዓይናቸው ስልኩ ላይ ነው። አማቲቱ ክፉ ነገር ስትጎነጉን አንሶላው በፍጥነት ይታጠፋል፤ ፍቅረኞቹ ሲገናኙ ሥራ ይቆማል። ሱፐርቫይዘራችን ይህን ስላወቀች ሥራ በሚበዛበት ቀን አማቲቱ ያለችበትን ክፍል ራሷ ፈልጋ ትከፍትላቸዋለች። ሐይቁ ዳር ያለውን የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደልንም ጨመርኩ። ከናይት ሺፍት ስወጣ ወደዚያ ወርጄ ትኩስ የዓሣ ሾርባ በዳጣ እጠጣለሁ፤ አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎች ሰው የጣለላቸውን እየለቀሙ ከጎኔ ይንጎራደዳሉ፣ ቁመታቸው ከእኔ ብዙም አያንስም። ፍልሰታ ሲገባ ደግሞ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እዚያው ሾርባው ላይ ይጀመራል፤ ተከራካሪዎቹ ሁሉ እየጠጡ ነው።

ከሁሉ አስበልጬ የጻፍኩት ግን ዳማውን ነው። የበሩ ጥበቃ፣ ሁላችንም አሥር አለቃ የምንላቸው፣ ከጥበቃ ቤቱ ወንበር ሥር የሚያስቀምጡት የኮምፔንሳቶ ሰሌዳ አላቸው። ጥቁሩ በማርከር ነው የተቀባው፤ እርጥበት ስለሚያጠፋው በየክረምቱ ይደምቃል። ጠጠሩ ቆርኪ ነው፤ የእሳቸው የአምቦ ውሃ፣ የተጋጣሚ የቢራ። የቢራውን ለምን ለእኔ እንደሚሰጡኝ ብጠይቃቸው «ቢራ ጠጥቶ የሚያስብ የለም» አሉኝ። ሦስቱን በአንድ ዝላይ ሲበሉብኝ ቆርኪዎቹን አንድ በአንድ ነው የሚያነሱት፣ ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱን በጣታቸው ጠርገው። ሰው በመሸነፉ ሳይሆን በዚያ መጥረግ ይናደዳል።

ብሮሸሩ ታትሞ መጣ። ገጽ ሦስት ላይ ፎቶዬ አለ። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «በክረምት ማለዳ ታቦር ተራራ ላይ ወጥቼ የሐይቁን ጭጋግ እያየሁ ሰውነቴን አፍታታለሁ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጠብ ጠብ ሲል በበረንዳዬ ላይ ቡናዬን እየጠጣሁ መጽሐፍ አነባለሁ።»

የምኖረው የግለሰብ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ተከራይቼ ነው። በሩ ሲከፈት ቀጥታ የአከራይዋ የልብስ ገመድ ነው። የሐዋሳ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እንኳን መጽሐፍ ማንበብ፣ ስልክ መጥራቱም አይሰማም።

«ዳማው የት ሄደ?» አልኩት።

«ዳማ ደረጃችንን አይመጥንም።»

«እውነተኛ ነገር ጻፉ ብለውን ነበር እኮ።»

«እውነተኛ የሚመስል» አለኝ፣ እንደ ዋዛ።

የጻፍኩትን ኮፒ አድርጌ ያስቀረሁት በዚያን ቀን ነው። ከዚህ ገጠመኝ ትምህርት ወሰድሽ ካላችሁኝ እሱ ነው፤ ምን እንደጠቀመኝ ታያላችሁ።

ለሐምሌ ገብርኤል ሆቴላችን ጢም ብሎ ይሞላል፤ ከክረምቱ የሚያድነን እሱ ነው። በ18 ከገቡት መካከል አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ከድሬዳዋ መጥተው ነበር። ልጆቻቸው ከውጭ ሆነው ክፍሉን ከፍለውላቸዋል። ቁልቢ ደጃቸው ላይ እያለ ሐዋሳ ድረስ መምጣታቸውን አንዱ ባልደረባዬ ቢጠይቃቸው «የቁልቢውማ ያውቀኛል» አሉት። እኚህ ሰው ክፍላቸው ገብተው ሻንጣቸውን እንኳ ሳይከፍቱ ብሮሸሩን ይዘው ወረዱ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አንዴ ፎቶውን አንዴ እኔን አዩ። ኃላፊያችን አጠገቤ ቆሟል።

«አንቺ! ይቺ አንቺ ነሽ?»

«አዎ ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ።»

«መጡ አትበይኝ፣ የድሬ ሰው ነኝ። መጣህ በይኝ። ታቦር ስንት ሰዓት ነው የምትወጪው?»

«እንደ አየሩ ነው ጋሼ።»

«አየሩማ ተጽፏል፤ ጭጋግ ነው። ጭጋጉን እያየሽ ነው የምታፍታቺው። በስንት ሰዓት ይነሳል ጭጋጉ?»

ኃላፊያችን በእግሩ ጫማዬን ነካ አደረገኝ። እኔ ዝም አልኩ።

«እሺ መጽሐፉስ? አሁን ምን እያነበብሽ ነው?»

ፊት ለፊቴ የነበረው የሺፍት መዝገባችን ነው። «ሎግ ቡክ» አልኳቸው።

«ደራሲው ማነው?»

«ብዙ ሆነን ነው የጻፍነው። የትናንት ማታውን እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«እስቲ አንብቢልኝ።»

አነበብኩላቸው፦ «204 ሙቅ ውሃ የለም። ተነገረ። 204 አሁንም የለም።»

ሰውዬው ሳቁ፣ መነጽራቸው ከግንባራቸው ወርዶ አፍንጫቸው ላይ እስኪያርፍ ሳቁ። «ይሄ ጽሑፍ ነው! አጭር ነው፣ ግጭት አለው፣ መጨረሻው ያሳዝናል» አሉ። የሥነ ጽሑፍ መምህር ነበሩ ለካ። ሲስቁ ደግሞ ቁልፋቸውን አየሁት፤ 204 ነው።

ኃላፊያችን ጣልቃ ገባ። «እሑድ እረፍቷ ነው፤ በደስታ ይዛዎት ትወጣለች።»

«አንተስ?» አሉት። አንተ ሲባል ቤልቦዩም ካሸሯም ቀና አሉ። በእኛ ቤት እሱን አንተ ያለው ሰው የለም፣ ባለቤቱ እንኳ አንቱ ነው የሚሉት። «ገጽ አራት ላይ በየማለዳው ሐይቁ ላይ ጀልባ ትቀዝፋለህ ይላል። ከታቦር መልስ አብረን እንቀዝፋለን።»

«እኔ... የሳምንቱ ሪፖርት አለብኝ።»

«በማለዳ?»

መልስ አልሰጠም። ያልጠራ ስልኩን አንስቶ ሄደ። እኔ እስከ ዛሬ የሚያስቀኝ መሳቄን የዋጥኩበት ዘዴ ነው፤ ጎንበስ ብዬ የወደቀ እስክሪብቶ ፈለግኩ፣ ካሸሯም አብራኝ ጎንበሰች፣ ከጠረጴዛው ሥር ተገናኘን።

በበዓሉ ማታ፣ ሐምሌ 19፣ የፓሪስ ኦሊምፒክ ተከፈተ። ሎቢው ነጠላ በለበሱ ተሳላሚዎች ተሞልቷል፤ በቴሌቪዥኑ የየአገሩ አትሌቶች በሴን ወንዝ ላይ በጀልባ ያልፋሉ፣ ዝናቡ ዶፍ ነው። መምህሩ «ፈረንጅም በሐምሌ ድግስ ይደግሳል?» አሉ። አጠገባቸው የነበሩ አንዲት እናት «ገብርኤል ያለ ዝናብ መች ያውቃል» ብለው መለሱላቸው፤ ጉዳዩ በዚያው ተዘጋ።

ታቦርን አላስረዝመውም። ጭቃ ነው። እሳቸው በላስቲክ ጫማ ቀድመውኝ እየወጡ እኔ ቁጥቋጦ እየያዝኩ ተከተልኳቸው። ከላይ ከተማውና ሐይቁ አንድ ላይ ይታያል፤ ውበቱን አልክድም፣ ግን የእረፍት ቀኔ ነበር። ስንመለስ አሥር አለቃ በሩ ላይ ሰሌዳቸውን ዘርግተው ብቻቸውን በሁለቱም ወገን ይጫወታሉ። መምህሩ ቆሙ። አንዴ ሰሌዳውን አዩና «የአምቦው ተራ ነው?» አሉ። ከዚያ በኋላ ክፍላቸው ውስጥ ያገኛቸው የለም። ለገብርኤል የመጡት ሰው ፍልሰታ ያዘቻቸው፤ ልጆቻቸው ተጨማሪ ቀን እየከፈሉ እሳቸው ጥበቃ ቤት ይውላሉ። ጃንጥላ በአንድ እጅ፣ ቆርኪ በሌላው።

ነሐሴ 4 የወንዶቹ ማራቶን ቀን ነው። አሥር አለቃ ጥበቃ ላይ ሆነው ሎቢ መግባት አይችሉም፤ ስለዚህ ሁለቱ በሬዲዮ፣ እኛ በቴሌቪዥን። ሬዲዮው ይቀድማል። እኛ ታምራት ቶላ ገና ሲሮጥ እናያለን፣ ከበሩ ጩኸቱ ደርሶ አልቋል። 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ፣ የኦሊምፒክ ሪከርድ። ገዛኸኝ አበራ በ2000 እንደ አውሮፓውያን በሲድኒ ካሸነፈ ወዲህ በወንዶች ማራቶን የመጀመሪያው ወርቃችን። ታምራት ደግሞ በተጠባባቂነት ተይዞ፣ ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ ነው የገባው። ይህን የሰማች፣ የቀረ ሰው ሁሉ ሺፍት የሚሸፈንባት የላውንደሪዋ ልጅ፣ በዚያው ዕለት ያልተከፈላትን ኦቨርታይም ጽፋ አስገባች። «ተጠባባቂ ሪከርድ ይሰብራል እንግዲህ» ብላ። ተከፈላት። የክረምቱ ትልቁ ድል እሱ ነው ባይ ነኝ።

መምህሩ ሲሄዱ በአስተያየት መዝገቡ ላይ ገጽ ሙሉ ጻፉ። ስለ ታቦር አንድ መስመር፣ ስለ 204 ሙቅ ውሃ ሁለት መስመር፣ የቀረው በሙሉ ስለ ዳማው። በቆይታዬ ያሳለፍኩት ምርጥ ጊዜ በራችሁ ላይ ነው፣ ይላል።

በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራን። ኃላፊያችን ለእንቁጣጣሽ «ባህላዊ የዳማ ምሽት» ሐሳብ አፍልቋል። ላውንጅ ውስጥ፣ ከቡናና ከፈንዲሻ ጋር፣ በአንድ ሰው ዋጋ ተቆርጦለት፣ አሥር በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ተጨምሮበት። የተወለወለ የእንጨት ሰሌዳና ጠጠር ተሠርቶ መጣ። እኔም ጊዜው ደረሰ ብዬ ያስቀረሁትን ኮፒ አውጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩለት። አነበበው። «በጣም ጥሩ፣ ከሐሳቤ ጋር ይሄዳል፤ ፋይል ውስጥ ይግባ» አለ። ገባ።

በዚያው ሳምንት ማስታወሻ ተለጠፈ፤ ለሆቴሉ ገጽታ ሲባል በበር ላይ ዳማ መጫወት የተከለከለ መሆኑን ያሳውቃል። አሥር አለቃን ላውንጁ ውስጥ ለእንግዶች እንዲያጫውቱ ይጠሩ ብዬ ነበር፤ የጥበቃ ዩኒፎርም ላውንጅ አይገባም ተባለ። ሳስረዳቸው አልተቆጡም። «በእንጨት ጠጠር መጫወትስ እኔም አልፈልግ፤ ድምፅ የለው» ብለው ቆርኪያቸውን በፌስታል ቋጥረው ወደ ቤታቸው ወሰዱት። በእኔ በኩል ግን ያ ማስታወሻ እስካሁን አልተዋጠልኝም።

አዲሱ ብሮሸር ላይ አሁንም ፎቶዬ አለ፣ ከተወለወለው ሰሌዳ ጋር። ቴሌግራም ላይ በወጣ በማግስቱ መምህሩ ሪሰፕሽን ደወሉ።

«አንቺ! ጠጠሩን ማን ነው የደረደረው? ነጩም ጥቁሩም ላይ አስቀምጣችሁታል፤ ቼዝ ነው እንዴ?»

እውነታቸውን ነው፤ ዳማ በአንዱ ቀለም ላይ ብቻ ነው የሚደረደረው። እሳቸው መስመር ላይ እያሉ ለኃላፊያችን ነገርኩት።

«አውቃለሁ» አለ። «ግን ሞልቶ ሲታይ ያምራል።»