መብራቱ ሲጠፋ

ዛሬ ኦፕራሲዮን ክፍል መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ቢበዛ አስር ሰከንድ ቢፈጅ ነው። እኔ ግን ለካ «ስልክ አብሩ! ስልክ!» ብዬ ጮኬያለሁ። ነርሷ «ምነው ዶክተር?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። እጄ ግን ትንሽ ተንቀጠቀጠ።

በ2014 በጦርነቱ ጊዜ ወሎ ነበርኩ። ናፍጣ ሲያልቅብን በስልክ መብራት ሆድ ከፍተናል። አንድ ኢንተርን እጁ እየዛለ ስልኩን ይዞልን ባትሪው 9 ፐርሰንት መድረሱን ሁላችንም አየን። ማንም ትንፍሽ አላለም።

ማደንዘዣ የነበረን ኬታሚን ብቻ ነው። ደጉ ነገር እንደ ሌሎቹ ትንፋሽ አይዘጋም፣ ደም ግፊትም አይጥልም። ሲነቁ ግን ያቃዣል። እግሩን የቆረጥንለት ገበሬ ሌሊቱን ሙሉ በሬዎቹን ሲጠራ አደረ። «ና ቦራ! ዳለቻ፣ ተመለስ!»

ከአስታማሚ ጋር የሚያጨቃጭቀን ደግሞ ቁስሉን ክፍት መተዋችን ነበር። ጥይት ጨርቁንም አፈሩንም ይዞ ነው የሚገባው፤ ወዲያው ከሰፉት ውስጥ ለውስጥ ይመግላል። የሞተውን ሥጋ አንስተን፣ አጥበን፣ አራት አምስት ቀን ቆይተን ነው የምንሰፋው። ይህን ለአንዲት እናት አስረድቼ ስጨርስ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ክር አልቆባችሁ እንደሆነ አትፈር፤ እኔ ከቤት አመጣለሁ» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር ክሩም አልቆብን ነበር።

የዛሬው በሽተኛ ደህና ነው፣ ነገ ይወጣል። እኔ ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼ ተቀምጫለሁ፤ 84 ፐርሰንት ይላል።