ጋሼንና እትዬን ይዞ ከድሬ አዲስ አበባ

ከድሬዳዋ አዲስ አበባ በቁልቢና በአሰበ ተፈሪ በኩል 515 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎበዝ ሾፌር ጎህ ሲቀድ ተነስቶ አመሻሹ ላይ ይገባዋል። ተሳፋሪዎቹ ሰባን የተሻገሩ ባልና ሚስት ሲሆኑ፣ አንዳቸው ስኳር ሌላቸው ግፊት ሲኖርባቸው፣ መሪውን የያዘው ደግሞ የእህት ወይም የወንድም ልጅ ሲሆን ግን ያው መንገድ ሁለት ቀን ይፈልጋል። መኪናውም የሚቆመው ሰዓቱ ሲደርስ እንጂ «አቁምልኝ» ሲባል መሆን የለበትም።

ምክንያቱም «አቁምልኝ» የሚል አይኖርም። ጋሼ «ደህና ነኝ፣ ንዳው ልጄ» ይላሉ። እትዬ ልጁን ላለማስቸገር ጠዋት ሻይዋን ትተዋለች፣ ውሃም አትጠጣም። ሽንት የሚያበዛውን የግፊት ኪኒን ለማንም ሳይናገሩ የሚዘሉም ብዙ ናቸው። ከዚያ ቆላው ውስጥ ሲገባ ሰውነቱ ይደርቃል፣ ግፊቱ ይዛባል፣ ከመኪና ሊወርዱ ብድግ ሲሉ ራስ ይዞራል፤ መውደቅ የሚመጣው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ልጁ «እንቁም ወይ?» ብሎ አይጠይቅ። መልሱ ሁልጊዜ «አይ» ነው። በየአንድ ሰዓት ተኩሉ ራሱ ያቁም፣ በሩን ከፍቶ ሁለቱንም ያውርድ፣ አሥር ደቂቃ ወዲያ ወዲህ ይበሉ። ለመውረድ ሲዘጋጁ መጀመሪያ እግራቸውን ወደ ውጭ አውጥተው አንድ ደቂቃ ቁጭ ይበሉ፣ ከዚያ ይነሱ። መንገድ ላይ ደግሞ በየግማሽ ሰዓቱ ሁለት ሦስት ጉንጭ ውሃ ይጠጡ። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ኖሮበት ውሃ የተመጠነለት ሰው ግን ሐኪሙ ያለውን ይከተል።

ብዙ ሰዓት ታጥፎ የተቀመጠ እግር ደም ይቋጥርበታል። ሁለቱም እግሮች እኩል ቢያብጡ ብዙ ጊዜ በእግር ጉዞና እግርን ከፍ አድርጎ በመተኛት ይጎድላል። አንዱ ብቻ ካበጠ፣ ባቱ ከቆረጠመና ከሞቀ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል እንዳታሹት፤ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ውሰዱ።

ሽንት ቤት የጉዞው ትልቁ ጭንቀት ነው፣ ማንም ግን አያነሳውም። ጉልበቱ የታመመ ሰው ቁጢጥ ብሎ መነሳት አይችልም። በየከተማው መቀመጫ ያለው ሽንት ቤት የት ሆቴል እንዳለ አስቀድማችሁ በስልክ አጣሩ፤ ቡና አዝዛችሁ ብትጠቀሙ የሚከለክል የለም። መኪናው ውስጥ ሶፍት፣ ሳሙና፣ ሁለት ሃይላንድ የመታጠቢያ ውሃ፣ አንድ መቀየሪያ ልብስ በፌስታል ይኑር። በመሐሉ ተቀዶ መቀመጫ የሆነ የፕላስቲክ ወንበርና አንድ ሰፊ ነጠላ ካለ ደግሞ ገጠር መሐልም መላ ይገኛል።

ጋቢና ማን ይቀመጥ? በልማድ አባወራው ነው። ትክክሉ ግን ጉልበቱ ወይም ወገቡ የባሰበት ሰው ነው፤ ከምሳ በኋላ ይቀያየሩ። ቀበቶው ከነጠላውና ከጋቢው ሥር ገብቶ ከሆድ በታች ዳሌ አጥንት ላይ ይታሰር። በወፍራም ጋቢ ላይ ከታሰረ ይላላል፣ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ወደ ሆድ ይንሸራተታል። መኪናው ከፍ ያለ ከሆነ ጠንካራ በርጩማ ያዙ፤ አንድ ስንዝር ያህል ከፍታ ያለው ይበቃል።

አሁን ወደ መንገዱ። አብዛኛው ሰው ግማሽ ላይ ስለሆነች አዋሽ ሰባት ኪሎ ማደር ይመርጣል። ለአዛውንት አዋሽ ማደሪያ አይደለችም፤ ዝቅ ያለች፣ ሌሊቱም የሚሞቅ ነው። አሰበ ተፈሪ እደሩ። ከድሬ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደጋማ ነው፣ እንቅልፍ ይሰጣል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነስታችሁ የደንገጎን ዳገት በብርድ ትወጡታላችሁ። ደንገጎ ላይ መንገዱ ሲከፈል የግራው ወደ ሐረር፣ የቀኙ ወደ አዲስ አበባ ነው። የመጀመሪያው ማረፊያ ቁልቢ፣ ሁለተኛው ሂርና ይሁን፤ ለምሳ አሰበ ተፈሪ ትገባላችሁ። ከሰዓት በኋላ ይተኙ፣ ይታጠቡ፣ ከተማውን ዞር ዞር ይበሉ። በማግስቱ ደግሞ 12 ሰዓት ስትነሱ ሚኤሶን፣ አዋሽንና መተሐራን ፀሐዩ ሳይበረታ አልፋችሁ ለምሳ አዳማ ናችሁ። ቆላውን በማለዳ የማለፍ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ከድሬ ተነስቶ አንድ ቀን ሙሉ የሚነዳ ሰው እዚያ የሚደርሰው በቀትር ነው።

ከድሬ ሙቀት ወጥታችሁ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቁልቢ ብርድ ውስጥ ስለምትሆኑ ሹራብና ጋቢ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እጅ ላይ ይሁን። በክረምት ጨርጨር ላይ ደመናው አስፋልቱ ድረስ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ መብራት አብርቶ ቀስ ማለት ብቻ ነው። ለስለት የምትሄዱ ካልሆነ በቀር ታኅሣሥ 19ና ሐምሌ 19ን፣ ከዋዜማቸውና ከማግሥታቸው ጋር፣ ለጉዞ አትምረጡ። የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ መንገዱን ሙሉ በሙሉ ይይዘዋል።

ከሚኤሶ እስከ መተሐራ ግመልና ከብት ይሻገራል። አንዷ ግመል ከተሻገረች ሌሎቹ ይከተሏታል፤ ፍጥነት ቀንሳችሁ ጠብቁ እንጂ በክላክስ አታስበርግጓቸው። የግመል እግር ረጅም ስለሆነ መኪና ሲገጫት አካሏ የሚወድቀው መስታወቱ ላይ ነው። ከአዋሽ ወዲህ እስከ አዳማ የጅቡቲው ተሳቢ ሁሉ ይቀላቀላችኋል። ደርቦ ለማለፍ መቸኮል ትርፍ የለውም፤ አንዱን ብታልፉ ከፊቱ ሌላ አለ። በድሬና በደንገጎ መካከል ደግሞ የአወዳይን ጫት የጫነ አይሱዙ ይበራል። ቅጠሉ ከጠወለገ ዋጋ ስለሌለው ሾፌሩ አይቆምላችሁም፤ ጠርዝ ይዛችሁ አሳልፉት። በምሽት አትንዱ። ዋዜማውን መናኸሪያ ሄዳችሁ በዚያ ቀን የገቡትን ሾፌሮች ስለ መንገዱ ጠይቁ፤ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

መድኃኒት ከታሰበው ቀን እጥፍ ይያዝ፣ እጅ ቦርሳ ውስጥም ይሁን፤ የመኪናው ኋላ ፀሐይ ላይ ሲቆም እንደ ምድጃ ይግላል። ኢንሱሊን የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የተከፈተ ብልቃጥ ብዙውን ጊዜ ከ30 ዲግሪ በታች እስከ 28 ቀን ይቆያል፤ የድሬ ግንቦት ግን ከዚያ በላይ ነው። አፈ ሰፊ ፔርሙስ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ለግማሽ ሰዓት አቆዩ፣ ድፉት፣ በደንብ አድርቁት፣ ብልቃጡን በጨርቅ ጠቅልላችሁ አስገቡ። በረዶ ካገኛችሁ በፌስታል ታስሮ ከጨርቁ ውጭ ይሁን። በረዶ የነካው ኢንሱሊን ራሱ በረዶ ሊሆን ይችላል፣ አንዴ በረዶ ከሆነ ደግሞ ቢቀልጥም አይሠራም። ጥርት ያለው ዓይነት ከደፈረሰ፣ ደመናማው ደግሞ በመዳፍ ተንከባሎ እንኳ ጓጉሎ ከቀረ ይጣል።

ስኳር ዝቅ ሲል ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ይመጣል። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መስጠት፣ 15 ደቂቃ ጠብቆ ካልተሻለ መድገም፣ ከዚያ ዳቦ ማብላት ነው። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አትስጡ። ምሳ የዘገየበት መንገደኛ ላይ ይህ በቀላሉ ይደርሳል፤ ስለዚህ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሙዝ ከእጅ አይራቅ። ጾም ከሆነ ከመነሳት በፊት ከሐኪምና ከንስሐ አባት ጋር ይመከርበት፤ በረመዳንም ለታማሚና ለመንገደኛ ተፈቅዷል። የሽንት ኪኒኑን ሰዓት ወደ ማታ ማዞር ይቻል እንደሆነ የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ዝም ብሎ መዝለል ግን አይቻልም። የመድኃኒቶቹ ስም ከነመጠኑ በወረቀት ተጽፎ ልጁ ኪስ ውስጥ ይሁን። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ነው።

ስለ ልጁም እንነጋገር። ይሉኝታ የያዘው እሱንም ነው። ደክሞኛል ማለት ያፍራል፣ የነዳጅ ገንዘብ መጠየቅ ያፍራል። ከጉዞው ሳምንት በፊት ሦስታችሁ ቁጭ በሉና ነዳጅ በማን፣ አልጋ በማን፣ ጎማ ቢፈነዳ በማን እንደሆነ ቁረጡ። ይህን ማንሳት ያለባቸው ጋሼ ናቸው፤ ልጁ አያነሳውም። በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የምትፈጅ መኪና ለአንድ ጉዞ 41 ሊትር ያህል ትፈልጋለች፤ ዳገትና ኤሲ ሲጨመር ከፍ ይላል። ክፍያው በስልክ ስለሆነ በሁለት ስልክ ላይ ገንዘብ ይኑር፣ ሁለቱም ቻርጅ ይደረጉ። ሰልፍ ስለሚኖር ዋዜማውን ሙሉ። በጀሪካን ቤንዚን ይዞ ከሰው ጋር መጓዝ ክልክል አድርጉት፤ ሽታው ራሱ ያሳምማል።

ጫትን በተመለከተ ግልጽ መሆን ይሻላል። ሌሊቱን በምርቃና ያደረ ሾፌር ጠዋት ንቁ ይመስላል፤ እኩለ ቀን ላይ ምርቃናው ሲወርድ እንቅልፉ ባንድ ጊዜ ይጥለዋል። ልጁ ዋዜማውን ሰባት ሰዓት ተኝቶ ይነሳ፣ እናንተም ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁት።

መኪናዋን ከሦስት ቀን በፊት ለመካኒክ አሳዩ፤ ዋዜማ ላይ የተገኘ ብልሽት ዕቃ አይገኝለትም። የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ዘይት፣ ቺንጋ፣ የራዲያተር ጎማዎች ይታዩ። ጎማ ጎን ላይ ያለውን አራት አሃዝ አንብቡ፤ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ስድስት ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ ቢኖርም የአዋሽ አስፋልት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ንፋሱ ጠዋት ሳይሞቅ በበሩ ላይ በተጻፈው መጠን ይለካ፣ ስኮርታውም አይረሳ። ክሪክና የጎማ መፍቻ መኖራቸውን በዓይን አይታችሁ አረጋግጡ። ደንገጎን ስትወጡ የሙቀት መለኪያው ከፍ ካለ ኤሲውን አጥፉ፤ ካልወረደ ጠርዝ ይዛችሁ ኮፋኖውን ክፈቱ፣ የራዲያተሩን ክዳን ግን ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ አትንኩ።

ከአዳማ በኋላ ፈጣን መንገዱ ላይ መቆም ስለማይቻል ከመግባታችሁ በፊት ሽንት ቤት ይሂዱ።

መመለሻው ላይ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ጠዋት ከአዲስ አበባ ብትነሱ ቆላው በቀትር ያገኛችኋል፤ ስለዚህ ከምሳ በኋላ ተነስታችሁ አዳማ እደሩ፣ በማግሥቱ አሰበ ተፈሪ፣ በሦስተኛው ቀን ድሬ። በዚያ ላይ መኪናዋ ከሰልና ሽንኩርት እየተጫነባት ትከብዳለች። ከባዱ ዕቃ ፖርቶመጋላ ላይ አይውጣ፤ ደንገጎን ስትወርዱ ከ800 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ። ቁልቁለቱ ሳይጀመር ሁለተኛ ማርሽ አስገቡ፣ አውቶማቲክ ከሆነ ዝቅ ያለውን ምረጡ፣ ፍሬኑን አንዴ ያዝ አንዴ ለቀቅ። እግር ፍሬኑ ላይ ተጭኖ ከወረደ ሸራው ይግልና የተቃጠለ ሽታ ይመጣል፣ ቀጥሎ ፔዳሉ ይላላል። ሽታው እንደመጣ ሰፊ ቦታ ላይ ቁሙ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ አድርጉ፣ ግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ፤ ውሃ አትድፉበት፣ የጋለ ብረት ይሰነጠቃል።