ሞተሩን አልቀየርኩትም

ዌስት ቨርጂኒያ ካለው የመኪና ውድድር ሜዳ፣ ከሰሚት ፖይንት ስመለስ ሌሊቱ ተጋምሷል። እጄን ሦስት ጊዜ ታጥቤው አሁንም ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። እንቅልፍም እንቢ ብሎኛል። እንግዲህ ልጻፈው።

መኪናዋ ማዝዳ አርኤክስ ሰቨን ናት። የ1988 ሞዴል፣ ኤፍሲ የሚሉት ሁለተኛው ትውልድ፣ ቱርቦ የሌላት። አምና እዚሁ ሜሪላንድ ከአንድ ሰው ግቢ በ2,600 ዶላር ገዛኋት። ሻጩ ሞተሩ ሞቷል አለኝ። ምን ሆኖ ሞተ ስለው፣ ግቢውን ሊያጸዳ ብሎ አስነስቷት፣ ጥቂት ሜትር ወደ ዳር አስጠግቶ እንዳጠፋት፣ ከዚያ በኋላ አልነሳ እንዳለች ነገረኝ። ይህን ስሰማ ልቤ በደስታ ዘለለ። ሮታሪ የሚባለው የእሷ ዓይነት ሞተር ሳይሞቅ ተነስቶ ወዲያው ከጠፋ ቤንዚን ይጠግባል። ቤንዚኑ በሞተሩ ውስጥ ያለውን ዘይት ያጥበዋል፣ ዘይቱ ሲታጠብ ኮምፕሬሽኑ፣ ማለትም ሞተሩ አየሩን የሚያምቅበት ኃይል፣ ይጠፋል፣ ሞተሩም የሞተ ይመስላል። መምሰል ግን መሞት አይደለም።

የነዳጅ ፖምፓውን ገመድ ነቀልኩ። አራቱን ካንዴላዎች አወጣሁ። ሞተሪኖውን እያዞርኩ የተጠራቀመውን ቤንዚን አስተፋሁት፣ በየቀዳዳው ትንሽ ዘይት ጠብ አደረግኩ፣ አዲስ ካንዴላ አስገባሁ፣ ባትሪ ቀየርኩ። በሦስተኛው ሙከራ ተነሳ። ሰፈሩ በነጭ ጭስ ተሸፈነ፣ ጎረቤቴ ቤት የተቃጠለ መስሏት ወጣች። ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ግን እንባዬ መጥቶ ነበር።

ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ኮምፕሬሽን ለካሁ። ለሮታሪ የተሠራው መለኪያ ውድ ነው። እኔ ተራውን የፒስተን መለኪያ ወስጄ ውስጡ ያለችውን ትንሿን ቫልቭ አወጣሁና መርፌውን ተመለከትኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ውስጡ የሚዞረው ነገር ሦስት ጎን አለው፣ ሦስቱም መርፌውን እኩል ያዘልላሉ። አንዱ አንሶ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚያው ያልቅ ነበር።

በማግስቱ ለአባዬ ደወልኩ። አባዬ አዲስ አበባ ዕድሜውን በጋራዥ ያሳለፈ ሰው ነው። ቮልስ በለው፣ ፊያት በለው፣ ላዳ በለው፣ ያልፈታው የለም። በቪዲዮ ኮፈኑን ከፍቼ አሳየሁት።

«ስንት ፒስተን ነው?»

«ፒስተን የለውም አባዬ።»

ዝም አለ። «ቫልቭስ?»

«እሱም የለውም።»

«ታዲያ በምን ይሄዳል ልጄ?»

ሳምቡሳ አስብ አልኩት፣ ሦስቱም ጎኖቹ ትንሽ ነፋ ያሉ። ሳምቡሳው ወገቡ ጠበብ ባለ ሞላላ ቤት ውስጥ ይዞራል፣ ሦስቱ ጫፎቹ ግድግዳውን ለአፍታም አይለቁም። በአንዱ ጎን አየርና ቤንዚን ሲገባ በሌላው ይቃጠላል፣ በሦስተኛው ጭሱ ይወጣል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ። እንዲህ ያሉ ሁለት አሉ፣ እያንዳንዳቸው 654 ሲሲ፣ በድምሩ 1,308። ሳምቡሳው አንዴ ዞሮ እስኪጨርስ የመሃሉ ዘንግ ሦስት ጊዜ ይዞራል። ወደ ላይ ወደ ታች የሚመላለስ ነገር ስለሌለው ሳይንቀጠቀጥ በደቂቃ 7,000 ዙር ይደርሳል።

አባዬ አንገቱን ነቀነቀ። «ጫፎቹ ላይ ምን አለ?» አለኝ። ቀጫጭን የብረት ምላሶች አሉ ስለው «እንግዲያው የሚያልቁት እነሱ ናቸው» አለ። ሞተሩን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ማዝዳዎች ሂሮሺማ ላይ ለዓመታት የታገሉትን ነገር አገኘው። መሐንዲሱ ኬንኢቺ ያማሞቶ የሚመሩት ቡድን እ.ኤ.አ. በ1967 ኮስሞ ስፖርት የተባለችውን ባለሮታሪ መኪና ለገበያ እስኪያበቃ ድረስ እነዚያ ምላሶች የሞተሩን ግድግዳ ማዕበል በሚመስል ጭረት ይቦጫጭሩት ነበር። ጭረቱን የሰይጣን ጥፍር ብለውታል። አባዬ ስሙን ሲሰማ አማተበ።

ዘይት ይበላል ወይ አለኝ። ይበላል፣ ሆን ተብሎ ነው አልኩት፤ ምላሶቹን የሚያለሰልስ ዘይት በጥቂቱ ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል። እኔ ደግሞ በየአራት ሊትር ቤንዚኑ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የሁለት ስትሮክ ዘይት እቀላቅላለሁ። «እንደ ቬስፓ በላ!» አለና ከዚያ በኋላ ሞተሩን እንደ ዘመድ ማየት ጀመረ።

እዚህ ድሪፍት ሜዳ ላይ፣ መኪና ሆን ብለን በጎን እያንሸራተትን በምንነዳበት፣ የማገኘው ሰው ሁሉ ምክሩ አንድ ነው። አውጥተህ ጣለውና ቪ ኤይት፣ ባለስምንት ፒስተን ሞተር፣ አስገባበት ይሉኛል። አልተሳሳቱም። የኔ ሞተር አዲስ እያለ 146 የፈረስ ጉልበት ነበረው፣ እነሱ የሚያስገቡት ከ300 በላይ አለው፣ መለዋወጫውም በየመኪና መቃብሩ ሞልቷል። ግን ሞተሩ ብቻውን አይገባም። ማርሽ ሳጥኑ፣ መያዣው፣ ሽቦው፣ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ፣ ሁሉም አብሮ ይቀየራል። ሂሳቡን ሁለት ጊዜ ሠራሁት፣ ሁለቱንም ጊዜ መኪናዋን ከገዛሁበት ዋጋ አለፈ። ደግሞም ገንዘቡ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 በፈረንሳዩ የለ ማን የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር ያሸነፈችው የማዝዳዋ 787ቢ፣ ያንን ውድድር ለማሸነፍ የመጀመሪያዋ የጃፓን መኪና፣ ድምጿን ልጅ ሆኜ በቴፕ የተቀዳ ሰምቼ አልረሳሁትም። የእሷ አራት ሳምቡሳ ነው፣ የኔ ሁለት። ቢሆንም ዘመዳሞች ናቸው። ይህን ሞተር ካወጣሁት እኔ መኪናዋን የፈለግኩበት ምክንያት አብሮ ይወጣል።

ስለዚህ ላቆየው ወሰንኩ። ካቆየሁት ደግሞ የመጀመሪያው ገንዘብ ዓይን በማያየው ነገር ላይ መውጣት ነበረበት። ጓደኞቼ የሚያምር ቸርኬና ሰፊ ፓራፋንጎ ሲገዙ እኔ ራዲያተር፣ የውሃ ጎማ፣ ቴርሞስታት ገዛሁ። የዚህ ሞተር ሆድ አሉሚኒየም ነው፣ ጎንና ጎኑ ብረት። ሲግል እኩል አይለጠጡም። በመሃላቸው ውሃውን የሚይዙት ቀጫጭን የጎማ ቀለበቶች ናቸው፣ እነሱ አንዴ ከተቃጠሉ ውሃ ወደ ማቃጠያው ይገባል፣ ያኔ ሞተሩን አውርዶ ከመፍታት ሌላ መድኃኒት የለውም። የፋብሪካውን ማራገቢያ ከነመከለያው ተውኩት። ብዙዎች በኤሌክትሪክ ይቀይሩታል፣ እኔ ግን በትክክል የሚሠራን ነገር ለመቀየር ገንዘብ አላወጣም። ከሥር ያለው የፕላስቲክ ሽፋን ጠፍቶ ነበር። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን እሱ ከሌለ አየሩ በራዲያተሩ ውስጥ ከማለፍ ይልቅ በሥሩ ያመልጣል። ከአሉሚኒየም ቆርቆሮ ቆርጬ ሠራሁት፣ 40 ዶላር አልፈጀም። የቤንዚን ጎማዎቹንም በሙሉ ቀየርኩ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆየ ጎማ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ቢያንጠባጥብ መኪናዋ ትነዳለች፣ በእሳት።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ድሪፍቱ የሄድኩት። የኔ ዓይነቷ ክፍት ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው) ነው ያላት። መኪናዋ ስትዞር ጉልበቱ በሙሉ ወደ ቀለለው ጎማ ይሸሻል፣ አንዱ ጎማ ብቻውን ይሽከረከራል፣ ጅራቷም አይንሸራተትም። ደህና ዲፈረንሻል ለመግዛት አቅም አልነበረኝም። ብየዳ የሚችል ጓደኛዬ የመሃሉን ጥርሶች በየደልኝ። አሁን ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እንደ አንድ ይዞራሉ። ለመንገድ የሚሆን አይደለም፣ ቀስ ብለህ ስታጥፋት ጎማው እየዘለለ ይጮሃል፣ ስለዚህ ሜዳ ድረስ በተጎታች ነው የምወስዳት። የኋላ እግሯ ላይ ደግሞ ማዝዳ በኩርባ ጊዜ ጎማውን በራሱ ትንሽ የሚያዞር ቡሽ፣ ማለትም የሚለጠጥ ማያያዣ፣ አድርጎ ነበር። ለመንገድ ጎበዝ ሐሳብ ነው፣ ለድሪፍት ግን መኪናዋ ከአንተ ሳትጠይቅ የራሷን ውሳኔ ትወስናለች። በጠንካራ ቡሽ ተካሁት። ቸርኬዎቹ ባለአራት ብሎን ናቸው፣ ከድሮ አኮርድ ጋር ይገጥማሉ፣ አራቱን በ120 ዶላር አገኘሁ። የእጅ ፍሬኑን ገመዱን አጠበቅኩት፣ በቃ።

ዛሬ ጠዋት ዌስት ቨርጂኒያ ስንደርስ ያካፋ ነበር። ለኔ በረከት ነው፤ መሬቱ እርጥብ ሲሆን 146 የፈረስ ጉልበትም ይበቃል፣ ጎማም አይፈጅም። በሁለተኛ ማርሽ ወደ ኩርባው ገባሁ፣ መሪውን ሰበር አደረግኩ፣ ፍሪሲዮኑን መታሁት፣ ጅራቷ ወጣ። ይህ ሞተር ከ5,000 ዙር በታች ከወረደ ይሞትብሃል፣ እግርህን ማንሳት የለብህም፣ ፍጥነትህን ከኩርባው በፊት ነው ይዘህ መግባት ያለብህ፣ ከገባህ በኋላ በጉልበት አስተካክላለሁ ብትል ጉልበቱ የለም። ሦስት ጊዜ ተሽከረከርኩ። በአራተኛው ሁለቱን ኩርባዎች አያይዤ ወጣሁ። ደረቴ ውስጥ የተሰማኝን ነገር ስም አጣሁለት።

በስድስተኛው ዙር የሙቀቱ መርፌ ከለመደው ቦታ ትንሽ ከፍ አለ። ትንሽ ብቻ። ወረፋዬ ላይ ሁለት ዙር ቀርቶኝ ነበር፣ ዝናቡም አቁሞ መሬቱ ገና እየደረቀ ነበር፣ ከዚያ የተሻለ ሰዓት አላገኝም። ግን ከሜዳው ወጣሁ። ዳር አቁሜ ኮፈኑን ስከፍት ከላይኛው የውሃ ጎማ ማሰሪያ ሥር ጠብ ጠብ ይላል። ማሰሪያው ላልቷል። እስኪበርድ ጠብቄ አጠበቅኩት፣ ውሃውን ሞላሁ፣ አስነስቼ በቆመችበት ጠበቅኩ፣ መርፌው ቦታው ላይ ተቀመጠ። ያኔ ሜዳው ተዘግቶ ነበር።

ቤት ስደርስ አዲስ አበባ ነግቷል፣ ለአባዬ ደወልኩለት። ድሮ ስደውል መጀመሪያ «በላህ ወይ?» ነበር የሚለኝ።

«ውሃው እንዴት ነው?» አለኝ።

ደህና ነው አልኩት። ማሰሪያው እንደላላም ነገርኩት። «ነገ ሌላውንም እየው፣ አንዱ ከላላ ሌላውም አይቀርም» አለ።

ነገ አየዋለሁ።