ሠርግ የማይወደው አላርም

እስካሁን ያናድደኛል። ሃያ ሁለት አካባቢ ያለ አንድ ሆቴል ነው፣ ስሙ ይቅር። የሆቴሉ ባለቤት የሆኑት ሴትዮ ወንድም ከአሜሪካ ገመድ አልባ ፋየር አላርም፣ የእሳት ማስጠንቀቂያ፣ ላከላቸው፤ ሌላ ሰው ገጠመው። ቢጫ መብራት እያበራ ጢጥ ጢጥ ማለት ሲጀምር ግን የተጠራሁት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ሄድኩ። ፓነሉ፣ ማለትም የአላርሙ መቆጣጠሪያ፣ አረንጓዴ ነው፣ እሳት የሚጠቁመው ዲቴክተር ሁሉ ይመልሳል። የፓነሉን መዝገብ ስከፍተው ምድር ቤት ያለው አዳራሽ ዲቴክተሮች ይጠፋሉ፣ ይመለሳሉ፣ ደግሞ ይጠፋሉ። ሁለቱን ፈትቼ ባትሪያቸውን ለካሁ። ደክሟል። «ባትሪ ነው፣ 24ቱም ይቀየር» ብዬ ደመደምኩ። ያ አጭሩ ወፍራም ባትሪ፣ ሲአር 123 የሚባለው፣ እዚህ ከተማ ስንት እንደሚሸጥ የገዛ ያውቀዋል።

መሰላሉን የያዙልኝ ዘበኛው ነበሩ። ትንሽ ሬዲዮ ከእጃቸው የማትለይ ሽማግሌ ናቸው።

«ልጄ፣ እሱ እኮ የሚጮኸው ቅዳሜና እሁድ ነው» አሉኝ። «ሠርግ ሲኖር።»

«እንግዲያ ሠርግ አይወድማ አባባ!» አልኳቸው። አስተናጋጆቹ ሳቁልኝ።

እሳቸው አልሳቁም። «ሠርግስ ምን አደረገው። ስልክ ነው የማይወደው። ይቺም ሬዲዮዬ ስልክ ሊጠራ ሲል ትንጫጫለች። ይሄም በሬዲዮ ነው የሚሠራው አላልከኝም?»

ብያቸዋለሁ። ገመድ ሳይኖር እንዴት እንደሚነጋገሩ ሲጠይቁኝ መሰላል ላይ ሆኜ ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ። ታዲያ ምን መለስኩ? «አይገናኝም አባባ፣ ፍሪኩዌንሲው ይለያያል።» ዲቴክተሩ እጄ ላይ ነው፣ ገልብጬ ጀርባውን አላነበብኩም! ይቺን ሳስታውስ ጆሮዬ ይግላል።

ባትሪው ተቀየረ። በሁለተኛው ቅዳሜ ማታ ባለቤቷ ደወሉ፣ ከጀርባቸው እልልታ ይሰማል፣ ከእልልታው ጀርባ ደግሞ ያ ጢጥ ጢጥ። ሮጥኩ። አዳራሹ ውስጥ ኔትወርክ የለም። ስለዚህ ሠርገኛው ስልክ ሲፈልግ ደረጃው ሥር ይወጣል፤ የአላርሙ መቀበያ ሳጥን የተሰቀለውም እዚያው ነው። አሥራ ምናምን ሰው ከሥሩ ቆሞ «ሃሎ! ይሰማል?» ይላል። ዘበኛው በሩ ላይ ሆነው ያዩኛል። ምንም አላሉም፣ እሱ ባሰ።

ያኔ ነው ዲቴክተሩን የገለበጥኩት። ከ902 እስከ 928 ሜጋኸርዝ። አሜሪካ ይህ ለማንም ክፍት የሆነ ባንድ፣ ማለትም የፍሪኩዌንሲ ክልል፣ ነው። እኛ ጋ ግን ከ890 እስከ 915 ስልክ ወደ ማማው የሚናገርበት ነው፣ ተደራርበዋል። ኔትወርክ ሲደክም ደግሞ ስልክ ጉልበቱን ከፍ ያደርጋል፣ እስከ 2 ዋት ድረስ። የዲቴክተሩ ጉልበት ከዚያ አጠገብ ሹክሹክታ ነው። የአሜሪካኖቹ የፋየር አላርም ደንብ፣ ኤንኤፍፒኤ 72፣ የማይፈለግ ሲግናል ለ20 ሰከንድ ሳይቋረጥ ከተሰማ ፓነሉ ችግር አለ ብሎ ይጩህ ይላል። እሱም ጮኸ። ሥራውን የሠራው እሱ ብቻ ነው።

ለራሴ ልከራከር፦ ባትሪውም እኮ እውነት ደክሞ ነበር። መልስ ያላገኘ ዲቴክተር ደጋግሞ ይልካል፣ በደጋገመ ቁጥር ባትሪውን ይበላል። ይህን ለባለቤቷ አስረዳሁ። «ልጄ አለቀሰ ብልህ መሀረብ ሸጥክልኝ በለኛ» አሉኝ።

የዘበኛውም ምክንያት ቢሆን ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለም። ሬዲዮዋ የምትንጫጫው የስልኩ ምት ማጉያዋ ውስጥ ስለሚገባ እንጂ ባንዱ ስለተጋጨ አይደለም። ይህንንም ልነግራቸው ሞከርኩ። «እሺ» አሉኝ። ያ ልጅን ለማባበል የሚባለው እሺ።

አዳራሹ በገመድ በሚሠራ ተቀየረ። ፎቆቹ ላይ ያለውም መነሣት አለበት ብዬ በጽሑፍ ሰጥቻለሁ፣ «ወንድሜ ይቀየመኛል» ተብሎ እስከ ዛሬ አልተነሣም። ሪፖርቴ ላይ «የፍሪኩዌንሲ ግጭት መሆኑ በምርመራ ተደርሶበታል» የሚል አለ። ማን እንደደረሰበት አልጻፍኩም።

ለፍተሻ በሄድኩ ቁጥር ዘበኛው ከበሩ ላይ ብድግ ብለው ይቀበሉኛል፣ ሬዲዮዋን ዝቅ አድርገው።

«ኢንጂነር፣ ባትሪ አምጥተሃል?»